መዳቡ ሳይወጣለት የሚቀልጥ ውዳቂ ብረት

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ውዳቂ ብረት ገበያና ስለ ሀገር ውስጥ የብረት ፋብሪካዎች ያወጣችሁትን ዘገባ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጉዳዩን ማንሳታችሁ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን በዘገባው ውስጥ አንድ አስተያየት ሰጪ፣ ውዳቂ ብረት ከየትኛውም ዕቃ ቢመጣ ምድጃ ከገባ በኋላ እሳት ስለሚያጠራው ከማዕድን ከተሠራ ብረት ጋር እኩል እንደሚሆን የተናገሩት ቃል ሳይታረም አልፏል። ይህ እምነት ብረት በሚሸጡና በሚገዙ፣ አልፎ ተርፎም በሚያቀልጡ ሰዎች ዘንድ ሥር የሰደደ ስለሆነና በሚያስከትለው ጉዳት የሚጠየቁት ብዙ ጊዜ ጥፋት የሌለባቸው ሰዎች ስለሆኑ፣ ሃያ ዓመት ያህል በሮሊንግ ሚል (የጋለ ብረት በሮሎች፣ ማለትም በሚሽከረከሩ ከባድ ሲሊንደሮች፣ መካከል እየተጨመቀ ቅርጽ በሚይዝበት ፋብሪካ) የጥራት ክፍል ውስጥ የሠራሁ የብረታ ብረት መሐንዲስ እንደመሆኔ የማውቀውን ለማስረዳት እንዲፈቀድልኝ እጠይቃለሁ።

«ወርቅ በእሳት ይፈተናል» ሲባል ከልጅነታችን ጀምሮ ስለምንሰማ፣ እሳት ማንኛውንም ማዕድን የሚያነጻ ይመስለናል። ወርቅ በእሳት የሚጠራው ግን እርሱ ራሱ ከአየር ኦክስጅን ጋር አልዋሐድም ስለሚልና አብሮት ያለው ባዕድ ነገር ቀድሞት ስለሚቃጠል ነው። ብረት ሲቀልጥም ከእርሱ ይልቅ ለኦክስጅን የሚቸኩሉት እንደ አሉሚኒየም፣ ሲሊከንና ማንጋኒዝ ያሉት ንጥረ ነገሮች ተቃጥለው በቀለጠው ብረት ላይ ይንሳፈፋሉ፤ ሠራተኞቹም ስላግ እያሉ ይገፉታል። ከጣሪያ ቆርቆሮ ላይ የሚመጣው ዚንክ በ907 ዲግሪ ስለሚተን በነጭ ጭስ መልክ ይሄዳል፤ ጭሱ ለሠራተኛው ሳንባ ጠንቅ ቢሆንም ብረቱ ውስጥ ግን አይቀርም። መዳብና ቲን ከዚህ ሁሉ ይለያሉ። ሁለቱም ለኦክስጅን ያላቸው ፍላጎት ከብረት ያነሰ ስለሆነ፣ እነርሱን አቃጥሎ ለማውጣት የሚሞክር ሰው አስቀድሞ ብረቱን ራሱን አቃጥሎ መጨረስ ይኖርበታል። በማቅለጫው ውስጥ የወርቁን ቦታ የያዘው መዳቡ ነው፤ እሳቱም የሚያጠራው መዳቡን እንጂ ብረቱን አይደለም። (እዚህ ላይ አንድ የቃል ግርታ መጥቀስ ያስፈልጋል። በመዝገበ ቃላት ቲን የተባለው ማዕድን «ቆርቆሮ» ተብሎ ሲተረጎም፣ ጣሪያ የምንከድንበት ቆርቆሮ ግን ዚንክ የተቀባ ብረት ነው። ከዚህ በታች ቲን ስል የማዕድኑን እንጂ የጣሪያውን ማለቴ አይደለም።)

የመዳቡ ጉዳት በማቅለጫው ውስጥ አይታይም። ቀልጦ የተቀዳው ብረት መዳቡን በእኩል በትኖ ስለሚይዘው፣ ቢሌት፣ ማለትም ፌሮ የሚወጣበት ባለ አራት ማዕዘን ወፍራም የብረት ዘንግ፣ ሆኖ ሲቀዘቅዝ ምንም ነውር አይታይበትም። ነገሩ የሚገለጠው ቢሌቱ ፌሮ ለመሆን እንደገና ሲሞቅ ነው። በማሞቂያው ምድጃ ውስጥ ቢሌቱ ከ1100 እስከ 1200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይግላል፤ በዚህ ሙቀት ላይኛው ገጹ ከአየር ጋር እየተዋሐደ ጥቁር ቅርፊት ያወጣል፤ ቢሌቱ በሮሎቹ መካከል ሲያልፍ እየተፈረፈረ የሚረግፈው ይህ ቅርፊት ነው። ቅርፊቱ ከቢሌቱ ላይ የሚወስደው በአብዛኛው ብረቱን ነው። መዳቡ ስለማይቃጠል ወደ ውስጥ እየተገፋ በቅርፊቱና ገና ባልተቃጠለው ብረት መካከል ይከማቻል። ብረት በዚያ ሙቀት አሟሙቶ ሊይዝ የሚችለው መዳብ ከመቶ እጅ 10 እጅ ስለማይሞላ፣ ክምችቱ ከዚህ ሲያልፍ ትርፉ ራሱን ችሎ ይለያል። መዳብ የሚቀልጠው በ1085 ዲግሪ ነው፤ ምድጃው ደግሞ ከዚያ በላይ ይሞቃል። ስለዚህ በጠጣሩ ብረት ገጽ ላይ፣ በቅርፊቱ ሥር፣ ማንም የማያየው የቀለጠ መዳብ ስስ ሽፋን ተነጥፏል ማለት ነው።

ብረት ለዓይን ወጥ ይመስላል እንጂ በጥቃቅን ቅንጣቶች የተገነባ ነው፤ የካብ ድንጋዮች እርስ በርሳቸው እንደሚገናኙት ቅንጣቶቹም በወሰኖቻቸው ይገናኛሉ። የቀለጠው መዳብ በእነዚህ ወሰኖች ውስጥ ውኃ በካብ መካከል እንደሚሰርገው ይሰርጋል። ቢሌቱ በምድጃው ውስጥ እስከተጋደመ ድረስ ምንም አይሆንም። ሮሎቹ ሲይዙት መካከሉ ይጨመቃል፣ ጎኑና ጠርዙ ግን ይለጠጣል፤ ፈሳሽ ደግሞ የሚለጥጠውን ኃይል መቋቋም ስለማይችል ቅንጣቶቹ ከወሰናቸው ላይ ይላቀቃሉ። ያን ጊዜ የጋለው ቢሌት ገጽ በበጋ እንደ ደረቀ ዋልካ መሬት ተሰነጣጥቆ ይወጣል። ይኸው ቢሌት ቀዝቅዞ ቢጎተት ወይም ቢታጠፍ ኖሮ ጠንካራ ሆኖ ይገኝ ነበር። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ቀዝቃዛው ናሙና በመጎተቻ ማሽን ላይ ፈተናውን ሲያልፍ ስላየ፣ ያው ብረት በእሳት ላይ ሊሰነጠቅ ይችላል ሲባል አይቀበልም።

መጠኑ እዚህ ግባ የማይባል ለሚመስላቸው አንድ ስሌት ላቅርብ። በ1 ቶን ውዳቂ ብረት ውስጥ 4 ኪሎ መዳብ ተቀላቅሎ ቢቀልጥ፣ የሚገኘው ብረት 0.4 በመቶ መዳብ ይኖረዋል። ጎኑ 120 ሚሊሜትር የሆነ ቢሌት በማሞቂያው ውስጥ ከየገጹ 1 ሚሊሜትር ቢቃጠልበት፣ የሚጠፋው ብረት ከክብደቱ 3 በመቶ ትንሽ ያልፋል። በዚያ በተቃጠለው 1 ሚሊሜትር ውስጥ የነበረው መዳብ በሙሉ ቢሰበሰብ ውፍረቱ ከ3 እስከ 4 ማይክሮሜትር ይሆናል፤ ይህም ከአንድ የሰው ፀጉር ውፍረት በብዙ እጥፍ ያንሳል። ከፊሉ ወደ ብረቱ ውስጥ ተመልሶ ስለሚሰርግ፣ ከፊሉም በቅርፊቱ ተይዞ ስለሚረግፍ ሁሉም እዚያ አይቆይም። የቅንጣት ወሰን ስፋት ግን ከጥቂት የአቶም ረድፎች ስለማይበልጥ፣ ወሰኑን ለመሙላትና ቢሌቱን ለመሰንጠቅ የሚያስፈልገው መዳብ ከተረፈው እንኳ እጅግ ያነሰ ነው።

በስሌቱ ውስጥ ዋናው ነገር የመዳቡ መቶኛ ብቻ እንዳልሆነ አንባቢ ያስተውላል። ቢሌቱ በምድጃው ውስጥ ብዙ በቆየ ቁጥር ብዙ ብረት ይቃጠላል፤ ብዙ ብረት በተቃጠለ ቁጥር ብዙ መዳብ ወደ ኋላ ይቀራል። ይህን የማነሣው አንድ ሰው በዚህ ምክንያት ሲበደል በዓይኔ ስላየሁ ነው። ሥራ በጀመርኩባቸው ዓመታት፣ ስሙን በማልጠቅሰው ፋብሪካ ውስጥ፣ የማሞቂያውን ምድጃ የሚመሩ አንድ አንጋፋ ባለሙያ ነበሩ፤ እኛ ወጣቶቹ ጋሼ እያልን እንጠራቸው ነበር። አንድ ሌሊት መብራት ተቋርጦ ሮሎቹ ቆሙ። ምድጃው በከባድ ጥቁር ናፍጣ የሚነድ፣ ማራገቢያውም በጄኔሬተር የሚዞር ስለነበረ፣ ቢሌቶቹ ከሦስት ሰዓት በላይ እንደጋሉ ተቀመጡ። መብራት ተመልሶ ሥራው ሲቀጥል ከምድጃው የወጡት ቢሌቶች አንድ በአንድ ተሰነጣጠቁ፤ ከእነርሱም ሁለቱ በሮሎቹ መካከል ተቀርቅረው ሥራውን እስከ ረፋድ አቆሙት። በማግስቱ ጉዳዩን የመረመሩት ኃላፊዎች «ብረቱን አቃጥለዋል» ብለው ከደመወዛቸው እንዲቆረጥባቸው ወሰኑ።

ጋሼ ለኔ የነገሩኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። «ልጄ፣ ይህን ምድጃ ካንተ ዕድሜ በላይ አውቀዋለሁ። ባለፈው ወርም መብራት ጠፍቶ ከዚህ የበለጠ ቆይተን አንድም ቢሌት አልተሰነጠቀም። እሳቱ ያው ነው፤ ብረቱ ግን ያው አይደለም» አሉኝ። ከተሰነጠቀው ቢሌት አንድ ቁራጭ ቆርጬ፣ ፈትጌና አለስልሼ በማይክሮስኮፕ ስመለከተው፣ በቅንጣቶቹ ወሰን ላይ ቀላ ያለ ሐረግ የመሰለ መዳብ ተዘርግቶ አገኘሁ። በኬሚካል ምርመራውም መዳቡ ከ0.5 በመቶ በላይ ሆነ። ከዚያ በፊት በነበረው ወር የተጠቀምንበት ቢሌት ከውጭ የመጣ ሲሆን፣ መዳቡ የዚህን ሩብ እንኳ አይሞላም ነበር። ጋሼ እሳቱ ያው መሆኑን በልምድ አውቀው የተናገሩት ቃል በሙሉ ትክክል ነበር። ውጤቱን በጽሑፍ አቀረብኩ፤ ቅጣቱ ግን አልተነሣላቸውም፤ ጡረታ የወጡትም ብረት አቃጣይ የሚለው ስም በማኅደራቸው ውስጥ እንዳለ ነው። ይህ አሁንም ያሳዝነኛል።

መዳቡ ብቻውን ሲሆን ጉዳቱን መገመት ይቻላል። ቲን ከተጨመረበት ግን ስሌቱ ይለወጣል። ቲን በብረቱ ገጽ ላይ ከመዳቡ ጋር አብሮ ይከማቻል፤ ብረት ሊያሟሟው የሚችለውን የመዳብ መጠን ይቀንሳል፤ የመዳቡንም መቅለጫ ሙቀት ያወርዳል። ስለዚህ ቲን ባይኖር ኖሮ ያለችግር ያልፍ የነበረ 0.3 በመቶ መዳብ ያለው ቢሌት፣ ጥቂት የመቶኛ ክፍልፋይ ቲን ሲታከልበት ሊሰነጠቅ ይችላል። አርሴኒክና አንቲሞንም ተመሳሳይ ጠባይ አላቸው። ቲን ከቲማቲም ድልህና ከዱቄት ወተት ጣሳ፣ ከኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ብየዳ፣ ከነሐስ ቁርጥራጭ ይመጣል። በተቃራኒው ኒኬል ብረቱ መዳቡን እንዲያሟሟ ይረዳል፤ የመቅለጫ ሙቀቱንም ከፍ ያደርጋል፤ ስለዚህ በሌላው ዓለም ልዩ ብረት የሚያመርቱ ፋብሪካዎች የመዳቡን ግማሽ ያህል ወይም ከመዳቡ ጋር እኩል የሆነ ኒኬል ይጨምራሉ። የኒኬል ዋጋ ግን ከብረት ጋር የሚነጻጸር ስላልሆነ ለፌሮ ማንም አይጠቀምበትም።

ከመዳብ ጋር እየተምታታ ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣ ሌላ ነገርም አለ፤ እርሱም ድኝ ነው። ሄንሪ ቤሰመር እ.ኤ.አ. በ1856 አየር በቀለጠ ብረት ውስጥ በመንፋት ብረት የማምረቻውን መንገድ ሲያስተዋውቅ፣ ፈቃድ የገዙት አምራቾች የሠሩት ብረት ሲግል እየተሰባበረ አስቸገራቸው። ድኝ ከብረት ጋር ሲዋሐድ በ988 ዲግሪ የሚቀልጥ ነገር ይፈጥርና በቅንጣቶቹ ወሰን ላይ ይቀመጣል። ችግሩን የፈታው ሮበርት መሼት የተባለው እንግሊዛዊ ማንጋኒዝ ያለበትን ብረት በመጨመሩ ነው፤ ማንጋኒዝ ድኙን ከብረቱ ቀምቶ ከ1600 ዲግሪ በታች የማይቀልጥ ውህድ ያደርገዋል። ይህ ከመቶ ስድሳ ዓመት በላይ የቆየ መድኃኒት እስከ ዛሬ ይሠራል። ጉዳቱ ግን፣ ቢሌት በተሰነጠቀ ቁጥር ፌሮማንጋኒዝ (የብረትና የማንጋኒዝ ቅይጥ) የሚጨምሩ ሰዎች መኖራቸው ነው። ለድኝ ይፈውሳል፤ ለመዳብ ግን ምንም አይፈይድም። የትኛው እንደሆነ ሳይለዩ መድኃኒቱን መጨመር ገንዘብ ማባከን ነው፤ የሚለየውም የብረቱን ናሙና በመመርመር ነው፤ ለምሳሌ በውስጡ ያሉትን ንጥረ ነገሮች መጠን በሚለካው ስፔክትሮሜትር። በሀገራችን በስፋት የሚሠራባቸው ኢንዳክሽን ምድጃዎች (በኤሌክትሪክ የሚያቀልጡት) ብረቱን ከማቅለጥ በቀር የማጣራት አቅማቸው ውስን ስለሆነ፣ የገባው ነገር ሁሉ እንደገባ ይወጣል ብሎ ማሰብ ለሠራተኛውም ለገዢውም ይጠቅማል።

መዳቡ ታዲያ ከየት ይገባል? ከቁራሌው ጆንያ ጀምሮ እስከ ምናለሽ ተራ ድረስ ያለውን መንገድ ያየ ሰው፣ መዳብ ከብረት በብዙ እጥፍ ስለሚወደድ ሁሉም ተለቅሞ የሚወጣ ይመስለዋል። ትልልቁ በእርግጥ ይወጣል። የራዲያተሩ መዳብ፣ ወፍራሙ ሽቦ፣ የመብራት ገመዱ ለብቻው ይሸጣል። የሚቀረው ለመፍታት የሚያደክመው ነው፤ የመኪና ዲናሞና ሞተሪኖ፣ የውኃ ፓምፕ ሞተር፣ የማቀዝቀዣ ኮምፕሬሰር፣ የመጥረጊያና የመስታወት ማንሻ ትንንሽ ሞተሮች፣ በበርና በጣሪያ ውስጥ የተሰነገ ሽቦ። እነዚህ በማግኔት ይለያሉ ብሎ መገመት ትልቅ ስሕተት ነው። መዳብ በማግኔት አይሳብም፤ ሞተሩ ውስጥ ግን መዳቡ የተጠመጠመው በብረት ላይ ስለሆነ፣ ማግኔቱ ብረቱን ሲያነሣ መዳቡን አቅፎ ያነሣዋል። በበለጸጉት ሀገሮች መኪና በትልልቅ መዶሻዎች ተፈጭቶ በማግኔት ሲለይ ዋናው ራስ ምታት ይኸው ነው፤ ሠራተኞች በተንቀሳቃሹ መስመር ዳር ቆመው እነዚህን የሞተር እምብርቶች በእጅ ይለቅማሉ።

በዚህ ረገድ የኛ ሀገር ያላት ዕድል በቅጡ አልታየም። መኪና እኛ ዘንድ አይፈጭም፤ በእጅ ይፈታል። ሰማያዊና ነጭ ቀለም የተቀቡት የላዳ ታክሲዎች ከአገልግሎት ሲወጡ ባለሙያ እጅ ከገቡ፣ ሞላቸው ለገጠር አንጥረኛ ቢላዋ፣ ሞተራቸው ለመለዋወጫ፣ ቀሪው አካላቸው ለማቅለጫ ሊለይ ይችላል። በእጅ የተፈታ መኪና ከተፈጨ መኪና ይልቅ ከመዳብ የጸዳ ብረት ይሰጣል። ይህ የሚሆነው ግን ፈቺው ለመጨረሻዋ ሞተር ድካም የሚከፈለው ካገኘ ነው። አሁን ባለው አሠራር ሞተር ያለበት ብረትና ሞተር የሌለበት ብረት በአንድ ዋጋ ሲመዘን፣ ሞተሩን መፍታት የሰውየውን ጊዜና ክብደት ሁለቱንም ያሳጣዋል። መዳቡን ለማውጣት ሽቦ በሜዳ ላይ ማቃጠልም መፍትሔ አይደለም፤ የላስቲኩ ጭስ በዙሪያው ያሉትን ልጆች ይመርዛል።

የኤሌክትሪክ መኪና ጉዳይም ከዚህ ጋር ይያያዛል። በአንድ መደበኛ መኪና ውስጥ ከ20 ኪሎ በላይ መዳብ ይገኛል። 1200 ኪሎ የሚመዝን መኪና መዳቡ ሳይነካ ቢቀልጥ፣ ከ1.5 በመቶ በላይ መዳብ ያለው ብረት ይሆናል ማለት ነው። በኤሌክትሪክ መኪና ውስጥ ያለው መዳብ ከዚህ በእጅጉ ይበልጣል። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ መንገዶቻችንን እየሞሉ ያሉት የኤሌክትሪክ መኪናዎች ዕድሜያቸውን ጨርሰው ወደ ውዳቂ ብረት ግቢ የሚገቡበት ቀን ይመጣል። እስከዚያው ያለው ጊዜ ለመዘጋጀት በቂ ነው፤ ዝግጅቱ ግን አልተጀመረም።

ስለ ተጠቃሚው ደግሞ ላንሣ። የተሰነጠቀ ቢሌት ሁሉ ተጥሎ ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ የፋብሪካው ብቻ ይሆን ነበር። ትንንሹ ስንጥቅ ግን ሳይታይ ያልፋል። ውስጡ በቅርፊት የተሸፈነ ስንጥቅ በሮሎቹ ቢጨመቅ ተመልሶ ስለማይገጥም፣ ፌሮው ላይ እንደ ስፌት ረዝሞ ይወጣል። ፌራዮው (ፌሮ ቆራጩና አሳሪው) ስታፋ፣ ማለትም ረዣዥሞቹን ፌሮዎች የሚያቅፈውን ቀለበት፣ ሊያጥፍ ፌሮውን በጠረጴዛው ላይ ሲቆለምመው፣ ስፌቱ ከውጭ በኩል ከሆነ እዚያው ይከፈታል። ያን ጊዜ ፌራዮው ምን እንደሚያደርግ ከሕንፃ ሥራ ቦታ የዋለ ሰው ያውቃል፤ ጥሎት ሌላ ያነሣል፤ የተጣለውም የት እንደሚገባ የሚጠይቅ የለም። በቀጥታ የሚቀመጠው ረዥሙ ፌሮ ግን ስለማይታጠፍ ስፌቱን ማንም ሳያይበት ኮንክሪት ውስጥ ይገባል። የመጎተት ፈተና ለዚህ ዋስትና አይሆንም፤ ከአንድ ጭነት ሦስት ቁራጭ ተወስዶ ሲጎተት፣ ስፌቱ ከሦስቱ በአንዱ ላይ ካልዋለ አይታወቅም። የማጠፍ ፈተና ከመጎተት ፈተናው እኩል ክብደት ሊሰጠው ይገባል የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

መዳብን እንደ መርዝ መቁጠር ግን ትክክል አይሆንም። ለዝገት የማይበገር ተብሎ ለድልድይና ለባቡር ፉርጎ የሚሠራ ብረት አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ጀምሮ በአሜሪካ በሰፊው የተሠራበት ሲሆን፣ በውስጡ ሆን ተብሎ ከ0.25 እስከ 0.55 በመቶ መዳብ ይገባል። እንግሊዝ ለፌሮ ያወጣችው ደረጃ ቢኤስ 4449 እንኳ እስከ 0.80 በመቶ መዳብ ይፈቅዳል፤ ይህ ገደብ የሚናገረው ያለቀለት ፌሮ በሥራ ላይ ሲውል ስለሚኖረው ጠባይ እንጂ ቢሌቱ በእሳት ላይ ስለመሰንጠቁ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት፣ ፌሮ ከብረት ምርቶች ሁሉ ይበልጥ መዳብን የሚታገሥ ሆኖ ሳለ ገደቡ ወደ 0.4 በመቶ እንደሆነ፣ ለመኪና አካል የሚታጠፈው ስስ ላሜራ ግን ከ0.06 በመቶ በላይ እንደማይታገሥ አሳይተዋል። ከዚህ ቁጥር ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛው፣ ፌሮ ለሚያመርት ሀገር ችግሩ ሊገታ የሚችል ነው፤ ሁለተኛው፣ ነገ ላሜራ ከውዳቂ ብረት እናመርታለን ብለን ካሰብን ዛሬ ግቢያችን ውስጥ የሚጠራቀመው ብረት አይበቃንም። ከውጭ የምናስመጣውም ቢሌት ከዚህ ነፃ አይደለም፤ ለምሳሌ ቱርክ የዓለም ትልቋ የውዳቂ ብረት አስመጪ ናት፤ ከዚያ የሚመጣው ቢሌት የሌላ ሀገር መኪና ሽቦ ያለበት ሊሆን ይችላል።

ምን ይደረግ ለሚለው፣ ከልምዴ የምለው ጥቂት ነው። በመጀመሪያ ደረጃ፣ ገዢ ፋብሪካዎች ሞተርና ሽቦ የሌለበትን ብረት ለብቻው በተሻለ ዋጋ ይግዙ፤ ይህን አንድ እርምጃ የሚተካ ሌላ የለም፤ ምክንያቱም አንድ ጊዜ ከቀለጠ በኋላ መዳቡን በፋብሪካ ደረጃ የሚያወጣ መንገድ በዓለም ላይ እስካሁን አልተገኘም፤ የሚቀረው በንጹሕ ብረት ማቅጠን ብቻ ነው፤ ንጹሑን ብረት ደግሞ ገና በውጭ ምንዛሪ የምናመጣው ነው። ከየምድጃው የሚቀዳ ብረት መዳቡና ቲኑ ተለክቶ፣ ቁጥሩ ከካርቦንና ከድኙ ጋር አብሮ በቢሌቱ የጥራት ወረቀት ላይ ይጻፍ። ይህን የኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩት በደረጃው ውስጥ ቢያስገባው፣ ቢሌት ገዝተው ፌሮ ብቻ የሚያወጡ ፋብሪካዎች ምን እንደሚያሞቁ አውቀው ያሞቃሉ። መብራት ሲቋረጥም ምድጃውን እንደጋለ አስቀምጦ መጠበቅ ይቅር፤ ሙቀቱን ከ1000 ዲግሪ በታች አውርዶ መጠበቅ ብዙ ቅርፊትን ያስቀራል። ይህ ናፍጣ ይጨርሳል የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን በአንድ ሌሊት የሚሰነጠቁት ቢሌቶች ዋጋ ከናፍጣው ይበልጣል። ሙቀቱን ከ1200 በላይ አውጥቶ ማንከባለልም መዳቡ በቅርፊቱ እንዲያዝ ስለሚረዳ አንዳንድ ጊዜ ያዋጣል፤ ነገር ግን ብረትም ናፍጣም ያስበላል፤ ስለዚህ መዳቡ ምን ያህል እንደሆነ ሳይለኩ የሚሞከር አይደለም።

የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ ጋዜጠኞቻችሁ በሚቀጥለው ጊዜ የብረት ፋብሪካ ሲጎበኙ ስለ ማምረት አቅምና ስለ ውጭ ምንዛሪ ብቻ እንዳይጠይቁልኝ አደራ እላለሁ። ባለፈው ሳምንት የተቀዱት ብረቶች የመዳብና የቲን መዝገብ እንዲያሳዩአቸው ይጠይቁ፤ መዝገቡ ካለ አንድ ገጹን ለአንባቢ ያቅርቡልን፤ ከሌለም አለመኖሩን ይጻፉልን። ከማሞቂያው ምድጃ አጠገብ የቆሙትንም ባለሙያዎች ያነጋግሩ፤ ብረቱ መቼ እንደተለወጠ ከማንም አስቀድመው የሚያውቁት እነርሱ ናቸው።

ከአክብሮት ጋር፣

አንድ የብረታ ብረት መሐንዲስ
ከአዲስ አበባ